ቀይ ክር የታሰረበት ጭልፋ

ሥራ ካቆምኩ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። እስካሁን ግን አስራ አንድ ሰዓት ሲል እጄ ቢላ ይፈልጋል። ልጄ «እማዬ፣ እባክሽ ለሁለት ሰው የሚሆን ወጥ ሥሪ» ትለኛለች። ለሁለት ሰው መሥራት መቼ ተምሬ! በጣድኩ ቁጥር ለሰፈሩ ሁሉ ይተርፋል። ሥራ ማቆሜን ከእኔ ይልቅ ጎረቤቶቼ ወደውታል።

ስሜ ሙሉነሽ ነው፤ የሚያውቁኝ እትዬ ሙሉ ይሉኛል። ሃያ ሰባት ዓመት የሠራሁት የካ ውስጥ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ባለ የባህል ምግብ ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ቤት ማሲንቆ የሰማ፣ እስክስታ የወረደ፣ ልደቱን ያከበረ፣ ከተጣላው ጋር ተታርቆ የወጣ ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። እኔን ያየኝ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ተከፍቼ አላውቅም። ሰው አይቶት የማያውቀውን እጅ አምኖ ሲጎርስ ከዚያ የበለጠ ምን ክብር አለ? የማወራውም ስለዚህ እምነት ነው፤ አንድ ጊዜ ስላጎደልኩትም ጭምር።

የመጀመሪያ ሥራዬ ሾላ ገበያ ጀርባ ያለች ቁርስ ቤት ነበረች። የእህል ነጋዴዎቹና ተሸካሚዎቹ ገና ሳይነጋ ይመጣሉ፤ ዱለቱ ወይም ፍርፍሩ ትንሽ ከዘገየ ጠረጴዛውን በጣታቸው መደብደብ ነው። ፍጥነት እዚያ ተማርኩ። ከዚያ መገናኛ አካባቢ አንድ ሆቴል ገባሁ። ደመወዙ ሻል ይላል፤ ነጭ ቆብ አለው፤ ለገቡበትና ለወጡበት ሰዓት መፈረም አለ። ሼፉ በርበሬን በሚዛን የሚለካ ሰው ነበር፤ እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላጣ አስቆረጠኝ። ንጽሕናን እዚያ ተማርኩ፣ አልዋሽም። ግን ወጥ የማይሠራ ወጥ ሠሪ ሆንኩ። አንድ ቀን የሰፈሬ ሴት «ወደ እንጦጦ መውጫ ላይ ያለው የባህል ምግብ ቤት ሰው ይፈልጋል» ስትለኝ ቆቤን መልሼ ሄድኩ።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ እትዬ በላይነሽ ይባላሉ። አጭር፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ሴት ነበሩ። የት የት እንደሠራሁ አልጠየቁኝም። አንድ ድስት ሽንኩርት ጣዱና ጀርባዬን ወደ ምድጃው አዙረው አቆሙኝ።

«ዘይት የሚገባበትን ሰዓት ንገሪኝ» አሉ።

«ሳላየው?»

«ዓይንማ ማን የሌለው አለ። በጆሮሽ።»

ግራ ገባኝ። እንዲሁ በግምት «አሁን» አልኩ። ድስቱን ከእሳት ላይ አንስተው አሳዩኝ፤ ጠርዙ አሯል። «ነገ ነይ» አሉኝ። ተባረርኩ ብዬ ነበር። ለካ መቀጠሬ ነው።

ያንን ለመማር አንድ ወር ፈጀብኝ። ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲጣድ መጀመሪያ ይንጫጫል። ውሃው እየመጠጠ ሲሄድ ድምፁ ይወርዳል። ቆይቶ ድስቱን መቧጨር ይጀምራል፤ ያኔ አልፏል። በመንጫጫቱና በመቧጨሩ መሐል ግን አንዲት አጭር ዝምታ አለች። ዘይት የሚገባው እሷ ላይ ነው። ቁሌቱ ያን ጊዜ ካመረ ወጡ ራሱን በራሱ ይሠራል።

እትዬ በላይነሽ በጆሮና በአፍንጫ የሚሠሩት ወደው አልነበረም። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ነገር ወደ አፋቸው አይገባም፤ የፍስኩን ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይቀምሱም። እንግዳው ግን ሁሉም አይጾምም። ክትፎ ይታዘዛል። ሚጥሚጣውን መዳፋቸው ላይ አድርገው ያሸቱታል፣ ቅቤውን አቅልጠው ኮሰረቱ ይበቃው እንደሆነ በእንፋሎቱ ይለያሉ። የረቡዕ ክትፏቸውን ከሐሙስ ክትፏቸው የለየ ሰው አላየሁም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አስር ሰዓት ላይ ጓሮ ይወጡና የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸው እንጦጦ ላይ ነው። ደመናው ባሕር ዛፉ ላይ ከተኛ «ዛሬ ሽሮና ቅቅል ነው፣ አብዙ» ይላሉ። ጥርት ካለ ሥጋ ይከተፋል። አንድም ቀን ሲሳሳቱ አላስታውስም ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ሁለት ቀን ተሳስተዋል። በብርድ ቀን ከበሮ መቺውም ወደ እኛ ነው የሚሮጠው። ብርዱ ቆዳውን ስለሚያላላው ከበሮው ከከሰል ምድጃችን አጠገብ ካልሞቀ አይጮህም። አዳራሹ ውስጥ የሚጨፍረው ሰው ከበሮው ከሽሮ ጋር አብሮ እንደሞቀ የት ያውቃል።

ከሁሉ በላይ ግን ጭልፋው። ወጥ ቤታችን ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ቀኙ የጾም፣ ግራው የፍስክ። ድስቱ፣ ቢላው፣ መክተፊያው ለየብቻ ነው። የጾሙ ጭልፋ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበት ከመስኮቱ አጠገብ ባለች ሚስማር ይንጠለጠላል። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሻገር እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ በሎሚ ልጣጭ ያሸዋል። በዚህ ምክንያት የሚጾሙት ብቻ ሳይሆኑ የሰፈሩ ሙስሊም ቤተሰቦችም የጾም ምግባችንን ያለ ስጋት ይበሉ ነበር። አንድ ቀን ሥራ በዝቶብኝ፣ እየቀለድኩ፣ «እትዬ፣ ቅቤ ትንሽ ቢነካው ማን ያውቃል?» አልኳቸው።

«አንቺ» አሉኝ።

የአዳራሹ ሕግ ደግሞ ሌላ ነው። ማሲንቆ የሚጫወተውና የሚዘፍነው ጋሽ ደምሴ ነበር፤ ከእኔ አስራ ምናምን ዓመት ይበልጣል፣ ቀልደኛ ነው፣ ሙዚቃው ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። በአንድ ወቅት አንድ አስተናጋጅ ከነፍሙ የያዘው ጥብስ ተወዛዋዥ ላይ ሊደፋበት ለጥቂት ተርፏል። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ደምሴና እትዬ በላይነሽ ተስማሙ፤ ዘፈን እየተዘፈነ የወጥ ቤት ሰው አዳራሽ አይገባም፣ የገባ አስተናጋጅም ግድግዳ ተጠግቶ ይቆማል። ምግብ የሚወጣው በሁለት ዘፈን መሐል ነው። የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል በቃላችን አጠናን። የሰርጉ ዘፈን ሲጀመር ክትፎው ይለበለባል፣ ከበሮው ሲፈጥን እንጀራው ይዘረጋል፣ ጭብጨባው ሲሰማ ትሪው ከመስኮቱ ያልፋል። ሞልቶ የፈሰሰ አዳራሽ በአንድ ጭብጨባ ውስጥ ስናዳርስ ያየ ሰው ሙዚቀኞቹ እነማን እንደሆኑ ይምታታበት ነበር። እኔ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው የሠራሁት።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ።

እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ደንበኛ ነበሩን፤ መኖሪያቸው ካራ መንገድ ነው። ሴት ልጃቸው በጠና ታማባቸው ሳለ፣ ድና ትምህርቷን እስክትጨርስ ፍስክ የሚባል ላይቀምሱ ተሳሉ። ልጅቷ ዳነች። እሳቸው ሦስት ዓመት ቃላቸውን ጠበቁ፤ በገናም በፋሲካም ሳይቀር። ማሲንቆ ስለሚወዱ ከቤተሰባቸው ጋር ይመጣሉ፤ ሌላው ክትፎ ሲበላ እሳቸው የእኔን ሽሮ ይበላሉ። «ቅቤ የምቀምሰው ልጄ የተመረቀች ዕለት፣ እዚሁ ነው» ይሉ ነበር። ወጥ ቤቱ ሁሉ ያንን ቀን ይጠብቅላቸዋል።

ምረቃው ቅዳሜ ሆነ። ዘመዶቻቸው ከክፍለ ሀገር ቀድመው ስለገቡ ረቡዕ ማታ ይዘዋቸው መጡ። እትዬ በላይነሽ ለቅሶ ሄደው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወገቤን ጠበቅ አድርጌ አስሬ፣ ደስ እያለኝ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እበራለሁ። ከስብሰባ የመጡ ብዙ እንግዶች ክትፎ አዘዋል። ቅቤ ጨለፍኩ፣ ክትፎው ላይ አፈሰስኩ፣ «የእማማ ጥሩነሽ ሽሮ!» ሲባል ዞር ብዬ ሽሮውን ጨለፍኩ፣ ሸክላው ላይ አደረግኩ፣ ሄደ። ከዚያ ጭልፋውን ልሰቅል ስል ሚስማሩ ባዶ አይደለም። ቀይ ክር ያለው ጭልፋ ደርቆ ተሰቅሏል። እጄ ላይ ያለው ክር የለውም።

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ሸክላው ጠረጴዛው ላይ ደርሶ ይፍለቀለቃል። አስተናጋጁ ግድግዳ ተጠግቷል፤ ጋሽ ደምሴ ጀምሯል። እማማ ጥሩነሽ የመጀመሪያውን ጉርሻ እፍ እፍ ይሉበታል። ከእኔ እስከ እሳቸው አስር እርምጃ ቢሆን ነው። ወጥቼ «እማማ፣ ያስቀምጡት» ማለት ነው። ይኸው ነው።

አልወጣሁም። «ዘፈኑ ይለቅ» አልኩ ለራሴ፤ ሕግ ነው አልኩ። እውነቱን ለመናገር አፍሬ ነው። ወጥ ቤቱን በያዝኩበት የመጀመሪያ ቀን፣ በሰው ፊት፣ አበላሸሁ ማለት ሞት መሰለኝ። ሕጉ መደበቂያ ሆነኝ። ሰው እየተነሳ ጋሽ ደምሴን በሸለመ ቁጥር ዘፈኑ ይረዝማል፤ እኔ ይርዘም ብዬ እየጸለይኩ ይሁን ረዘመ ብዬ እያማረርኩ አሁንም አላውቅም። አራተኛውን ጉርሻ ካየሁ በኋላ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሲጨበጨብ ሸክላው ተጠርጎ ነበር። «ካለቀ በኋላ ምን ዋጋ አለው?» አልኩና ወደ ምድጃዬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ልጅቷ ጥቁር ካባዋን አላወለቀችም። ክትፎ ሠራሁላቸው። በሉ፣ አለቀሱ፣ ከዚያ «ሽሮዬን የምትሠራዋን ጥሩልኝ» አሉ። በዘፈን መሐል ስላልነበረ ሰበብ አጣሁ። ወጣሁ። ቀኝ እጄን ይዘው ሳሙት።

«ሦስት ዓመት የጠበቀኝ እጅ ይኸው!» አሉ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።

ፈገግ አልኩ። ያንን ፈገግታዬን እስከ ዛሬ አልወደውም።

ሰኞ ምስር ስንለቅም ለእትዬ በላይነሽ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አንዲት ጠጠር ለቅመው ጣሉ።

«ጭልፋ ያምታታሽው አንቺ ነሽ» አሉ። «ዘፈን እስኪያልቅ ቁሚ ብዬ ያስተማርኩሽ ግን እኔ ነኝ። ተነሺ፣ ሁለታችንም እንሄዳለን።»

እማማ ጥሩነሽ በደስታ ተቀበሉን። ስነግራቸው ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁ። ቁጣ ብጠብቅም አልተቆጡም።

«ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ጉርሻዬን እተፋው ነበር» አሉ። «ለንስሐ አባቴ ነግሬ፣ ቀን ጨምሬበት፣ ይቀለኝ ነበር። ቅቤው ምንም አይደለም ልጄ። የሚቆጨኝ እጅሽን መሳሜ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ወደ ቤታችን መጥተው አያውቁም። አልፈርድባቸውም።

በሳምንቱ እትዬ በላይነሽ ነጭ ጨርቅ አጥበው፣ ተኩሰው፣ መድረኩን ፊት ለፊት በሚያየው መስኮታችን ስር አኖሩ። ጋሽ ደምሴን ጠሩት። «ይህ ጨርቅ መስኮቱ ላይ ሲወጣ ካየህ ታቆማለህ። ግጥሙ መሐል ብትሆንም» አሉት።

«እትዬ፣ የኔን ዘፈን? ለሚኒስትር አላቋረጥኩ እኮ!» ብሎ ሳቀ። የሆነውን ነገሩት። ሳቁ ቆመ። «ጨርቁን ካየሁ ቃሉን እውጠዋለሁ» አለ። እኔን ግን አልወቀሰኝም፤ ለዚህ ሁልጊዜ አመሰግነዋለሁ።

እትዬ በላይነሽ ሲደክማቸው ወጥ ቤቱን ለእኔ አስረከቡኝ። ጭልፋውን ከነክሩ እጄ ላይ አድርገው «ክሩ ሲያረጅ ቀይሪው» አሉኝ፤ ርክክባችን ይኸው ነበር። ነጩ ጨርቅ በእኔ ዘመን ጥቂት ጊዜ ወጥቷል። በወጣ ቁጥር አዳራሹ ያጉረመርማል፣ እኔ እየቀላሁ እወጣለሁ፣ እናገራለሁ። አንድም ሰው በዚህ ምክንያት አልቀረብንም። እንዲያውም ሌላ ሰው ይዘው ይመጣሉ።

ከተማው ተለወጠ። እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ ከላይ የሚወርደው ሰው ስፖርት ጫማውን እንዳደረገ፣ ርቦት፣ በር ላይ ይሰለፋል። ቤቱም ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። ናሆም ጥሩ ልጅ ነው፤ ሐሳብ ብቻ ይበዛበታል።

«እትዬ ሙሉ፣ ኮንሰፕቱን ትንሽ ሞደርን እናድርገው» አለኝ። «ዲጄ፣ ፊውዥን ምናምን…»

«ፊውዥኑን አንተ ብላው፤ እኔ ሽሮዬን ልሥራ።»

ዲጄው ገባ፤ ጋሽ ደምሴ ቤቱ ተቀመጠ። የዲጄ ሙዚቃ ግን መሐሉ ላይ ትንፋሽ የለውም፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይገባል። ምግብ መቼ እናውጣ? ጥብሱ በመስኮቱ ላይ በረደ፣ አስተናጋጆቹ ከጨፋሪው ጋር ተጋጩ፣ ደንበኛው ጮኸ። በሳምንቱ ናሆም ራሱ ጋሽ ደምሴ ቤት ሄዶ ለምኖ መለሰው። እኔም ከበሮውን በራሴ እጅ አሞቅኩት።

ማርታ የመጣችው ያኔ ነው፤ ከሆሳዕና። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ገና ሳትቀመጥ «እትዬ፣ ጴንጤ ነኝ፣ አልጾምም። ችግር አለው?» አለችኝ።

«ዓርብ ዓርብ ክትፎ የሚቀምስልኝ ሰው ስፈልግ ስንት ዓመቴ መሰለሽ!» አልኳት።

ጀርባዋን ወደ ምድጃው አዙሬ አቆምኳት። በሦስተኛው ቀን «አሁን» ስትል ዝምታዋ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን! ትንሽ ቀናሁ፣ አልደብቅም። ቀይ ክሩን ደግሞ ከሚጾሙት በላይ ታከብረዋለች። አንድ የሚጾም አስተናጋጅ እጁን ሳይታጠብ ቢሻገር «ጾሙ የአንተ፣ ጠባቂው እኔ!» ብላ ትጮህበታለች። ከእትዬ በላይነሽ በኋላ የእማማ ጥሩነሽን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የነገርኳት እሷን ብቻ ነው።

ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ለናሆም ነገርኩት። «እንግዲያው የመጨረሻ ቀንዎ በፊት በር ነው የሚገቡት» አለኝ። ዓርብ ነበር። እንደምጾም ስለሚያውቁ ሁሉንም ለዘጠኝ ሰዓት አዘጋጁት። ልጄ፣ ባልደረቦቼ፣ የድሮ ደንበኞች አዳራሹን ሞልተውታል። በሃያ ሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ ሆኜ ተቀመጥኩ፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ጋሽ ደምሴ ፀጉሩ ጥጥ ሆኗል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ስሜን አስገብቶ ግጥም ጀመረልኝ። የማርታ ሽሮ በሸክላ እየፈላ መጣ።

አንድ ጎረስኩ። ሁለት። ጣፋጭ ነው። ድሮ ኮሰረትን በአስር እርምጃ የምለይ ሴትዮ፣ በዕድሜም በደስታም ይሁን፣ ምንም አልሸተተኝም። ሦስተኛው አፌ ውስጥ እያለ ማሲንቆው ቀጥ አለ፤ ስሜ ግማሽ ላይ ሲደርስ። ወደ ኋላዬ ዞር አልኩ። መስኮቱ ላይ ነጩ ጨርቅ ወጥቷል።

ማርታ ሽርጧን እንዳሸረጠች፣ እጇ እንደረጠበ፣ በተወዛዋዦቹ መሐል መጣች። አስሩን እርምጃ አንድ በአንድ ቆጠርኩት።

«እትዬ ሙሉ፣ አይብሉት። የፍስኩ ጭልፋ ገብቶበታል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ናሆም ደንግጦ ተነሳ። «ማርቲ፣ አሁን? በዚህ ፕሮግራም መሐል? ኋላ አይሻልም?»

«ኋላማ ጨርሰውት ነው» አለችው። አንገቷን አልደፋችም።

አፌ ውስጥ ያለውን ሶፍት ላይ ተፋሁት። እማማ ጥሩነሽ የጠየቁት ይህችን ብቻ ነበር። ከእኔ የጎደለችው፣ አስር እርምጃዋ፣ በማርታ እግር ስትሄድ አየሁ። ጾም ባይሆን ኖሮ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ እል ነበር። እንባዬ መጣ። ልጄ በቅቤው ምክንያት መስሏት «እማዬ፣ ምንም አይደለም» እያለች ትደባብሰኛለች።

የማርታን ቀኝ እጅ ይዤ ሳምኩት።

«ኧረ እትዬ! አጥፍቼ?»

«ዝም በይ» አልኳት። «ሂጂና እንደገና ጣጂ።»

ሮጣ ገባች። ናሆም ሁኔታውን ሊያለሳልስ ብሎ «ጋሽ ደምሴ፣ እስከዚያ ቀጥልልን» አለ። ጋሽ ደምሴ ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አስተኛው። «ሳህኗ ይምጣ» አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከመስኮቱ ወዲያ የሚጣደው ሽንኩርት ተሰማኝ። ጀርባዬን ወደ ወጥ ቤቱ ሰጥቼ ነው የተቀመጥኩት። መጀመሪያ ተንጫጫ። ቆይቶ ድምፁ ወረደ። ከዚያ ያቺ አጭር ዝምታ መጣች፤ እኔም በሹክሹክታ፣ ለራሴ፣ «አሁን» አልኩ።

በዚያችው ቅጽበት ዘይቱ ሲገባ ሰማሁት።